የእትዬ ብርነሽ ካርታ

ጥቅምት 11፣ 1977

እሑድ። ልብስ አጠብኩ። ውሃው ረፋድ ላይ ሄደ፤ የሐሚዳ ቀሚስ ከነሳሙናው ቀረ። ተቆጣች። ምን ላድርጋት? እህቷ ነኝ እንጂ ቧንቧ አይደለሁም።

አባዬ እሑድም ሱቁን አይዘጋም። እማዬ ካለፈች ወዲህ ቤት መዋል አይሆንለትም።

ለታ ዛሬም አልመጣም። ሐሙስ እደርሳለሁ ብሎ ነበር... አሰብ ላይ መኪኖቹ ተራ ይጠብቃሉ ይላሉ። ድሮ ለፋብሪካችን ጣቃ ጨርቅ ሲያመላልስ በየሳምንቱ አየው ነበር። የተዋወቅነውም ለምሳ ስወጣ በዚያ ትልቅ መኪና በሩን ዘግቶብኝ ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። አሁን ወደ እህል ጭነት አዛወሩት፤ ከአሰብ ወደ ባቲ፣ አንዳንዴ ወደ ኮረም። ወሎ ውስጥ ሰው እያለቀ ነው ይባላል። ይባላል እንጂ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም።

ነገ ፋብሪካ። አንገትጌ፣ አንገትጌ፣ አንገትጌ።

ጥቅምት 14

መጣ። ከሥራ ስወጣ አጥሩን ተደግፎ አገኘሁት። ከስቷል። ሻይ ቤት ገባን።

ብዙ አላወራም። እሱ እኮ ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። የኬላ ፈታሾቹን እየቀዳ ሆዴን እስኪያመኝ ያስቀኝ ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ደክሞኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ ሙፊ።»

ፓስቲ አዘዘ፤ ሳይበላው በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ጓደኛው ዳባ መጥቶ አብሮን ተቀመጠ። እሱም ሾፌር ነው። «ይሄ ሰውዬ ኮምቦልቻ ካላደረ መኪናው አይነሳለትም» አለና ሳቀ። ለታ አልሳቀም። ዳባን ዝም ብሎ አየው፤ ዳባም ሻዩ ላይ አቀረቀረ።

ኮምቦልቻ ምን አለ?

ኅዳር 2

ሐሚዳ እየጎተተች እትዬ ብርነሽ ጋ ወሰደችኝ። ካርታ ያያሉ ይባላል። አባዬ ቢሰማ ቤት አያስገባንም። ሐራም ነው፤ እኔም አውቃለሁ። ሄድኩ።

ድሮ አንዲት ጣሊያን ሴትዮ ቤት ያገለግሉ ነበር፤ ሲኞራ ነው የሚሏት። ትርፍ ቤት ሲወረስ ሴትዮዋ አገሯ ገባች፣ እሳቸው ከግቢው ኋላ ሰርቪሷ ውስጥ ቀሩ። ካርታውን የሰጠቻቸው እሷ ናት። የመጫወቻ አይደለም፤ ስዕል ነው፣ ከሥሩ በጣሊያንኛ የተጻፈበት። እትዬ ብርነሽ ጽሑፉን አያነቡም። ለስዕሎቹ የራሳቸውን ስም አውጥተውላቸዋል።

የሚገርመው፣ ዋናውን ቤት ቀበሌው ለሴቶች ማኅበር ሰጥቶታል። «ጎታች ልማዶችን እንታገል» የሚል ጨርቅ በረንዳው ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ሥር አልፈን ገባን።

«ምን ልትጠይቂ ነው?»

«ስለ አንድ ሰው።»

«ይወደኛል ወይ ነው?»

«ሌላ ሴት አለችው ወይ ነው።»

ሦስት አወጡ። የመጀመሪያው ጋሪ ነው፣ ሁለት ፈረስ የሚጎትተው። ተገልብጦ ወጣ። «ተገልብጧል!» አልኩ። መኪናው ሊገለበጥ ነው?

«መገልበጥ ማለት እሱ አይደለም። መንገዱ ከብዶታል ማለት ነው። ሾፌር ነው እንዴ?»

አልነገርኳቸውም ነበር... ሐሚዳ ነግራቸው ይሆናል። ሐሚዳ ምን የማትለፈልፈው አለ።

ሁለተኛው በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ የተሰቀለ ሰውዬ። ሦስተኛው ዋንጫ የያዘች ሴት።

«ይኸው፣ ሴትዮዋ» አልኩ።

«ለምን ሌላ ሴት አልሻት? አንቺ ሴት አይደለሽም?»

ካርታዋን መልሼ አየኋት።

«የፍቅረኞቹ ካርታስ የለም? ወንድና ሴት አብረው ያሉበት?» አለች ሐሚዳ።

«ነበረ። የሲኞራ ልጅ ትዳር ስትይዝ ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍቅር የሚጠይቀኝን ሁሉ ያለሱ ነው የማየው።»

ኅዳር 5

ያቺ ዋንጫ የያዘች ሴት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ዛሬ አንድ አንገትጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈትቼ እንደገና።

ኅዳር 16

ብቻዬን ተመለስኩ። የእትዬ ብርነሽ ዓይን ደክሟል፤ ሞራ ነው። ካርታው ሲወጣ ዓይናቸው ሥር ያስጠጉታል፣ ከዚያ በጣት ይዳብሱታል፣ ከዚያ ለባለጉዳዩ ይሰጡና «ምን ይታይሻል?» ይላሉ። መጀመሪያ ቀን እንዲህ ሲጠይቁኝ ፈተና መስሎኝ ነበር፤ ለካ እውነትም አይታያቸውም።

«እሑድ እሑድ መጥተሽ ታይልኛለሽ?» አሉኝ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ባለጉዳይ አንድ ሁለት ነበሩ። ሁሉም ስለ ወንድ ወይም ስለ ልጅ። እኔ ስዕሉን እናገራለሁ፣ እሳቸው ይፈታሉ። አፈታታቸውን እያየሁ ነው። ቶሎ አይናገሩም። ሰውየው ራሱ እስኪናገር ይጠብቃሉ።

ማምሻውን ለኔም አንድ አወጡልኝ። ያው የተንጠለጠለው ሰውዬ። ባለፈው ሳየው ታስሮ፣ ተይዞ፣ ሌላ ሴት አስራው መሰለኝ። ዛሬ ፊቱን ልብ ብዬ አየሁት። አይጮህም። አይታገልም።

«እና ምንድነው?» አልኳቸው።

«አንድ ነገር ይዞ ዝም ያለ ሰው። መናገር የሚፈልግ፣ ግን እግሩ የታሰረ።»

ስዕሉ እኮ አንድ ነው። ያኔ ተናድጄ አየሁት፣ ዛሬ ናፍቆኝ። እና የተለወጠው ምኑ ነው?

ታኅሣሥ 4

ለታ ለአንድ ቀን መጣ። ጠየቅኩት። ቆርጬ።

«ኮምቦልቻ ማን አለ?»

እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ሰበሰበ። «ሰው አለ።»

«ሴት?»

«ሙፊ... ጊዜ ስጪኝ። የምነግርሽ ነገር አለ፣ ግን ሻይ ቤት የሚነገር አይደለም። ሰው ይሰማል።»

«ሴት ናት ወይ ነው ያልኩህ።»

«እንደምታስቢው አይደለም።»

ወንድ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፤ እንደምታስቢው አይደለም። ተነሥቼ ሄድኩ። ይከተለኛል ብዬ ነበር። አልተከተለኝም።

ታኅሣሥ 5

ወደ አሰብ ወጥቷል። ዳባ ነገረኝ። መልእክት የለም።

ታኅሣሥ 14

ይህን ቀን በደንብ ልጻፈው።

እትዬ ብርነሽ ጋ ነበርኩ። የሴቶች ማኅበሯ ሰብሳቢ ራሷ በጓሮ በር መጥታ ስለ ባሏ ጠይቃ ሄደች፣ እሱን ሌላ ቀን። ከሷ በኋላ አንዲት የላፍቶ እናት ገቡ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የወተት ዕቃቸውን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው። ሳሪስ ወተት ሸጠው ሲመለሱ ነው። አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል፣ ረጋ ያለ ነው።

«ስለ ልጄ ነው» አሉ። «ሾፌር ነው።»

ሾፌር ብዙ ነው፤ ምንም አልመሰለኝም።

እትዬ ብርነሽ አወጡ፣ እኔ አየሁ። «ፀሐይ ነው። ከሥሯ ትንንሽ ልጆች አሉ» አልኩ።

ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ልጅቷን ማን ነገራችሁ?»

እትዬ ብርነሽ ዝም አሉ፤ እንደ ልማዳቸው። እናትየው ናቸው የቀጠሉት።

«ኮምቦልቻ ልጅ አለችው። ካምፕ ውስጥ ያገኘኋት ናት ይለኛል። ሰው የላትም፣ አንቺ ጋ ላምጣት ይለኛል። እኔ ግን እፈራለሁ። የምታቆይለት ሻይ ቤት ያላት ሴት አለች፤ ከእሷ የወለዳት ብትሆንስ? እናቱን ቢዋሽስ? ለታ ውሸት አያውቅም ነበር።»

ለታ አሉ።

ካርታው በእጄ ነበር። የማደርገው ጠፋኝ። እትዬ ብርነሽ በዚያ በደከመ ዓይናቸው ወደ እኔ አዩ። የማን እናት እንደሆኑ የገባቸው ያኔ ይሁን፣ ቀድመው ያውቁ ይሁን፣ አላውቅም።

«ሌላም አለ» አሉ እናትየው። «እዚህ ፋብሪካ የምትሠራ የእስላም ልጅ ወድዷል። እኔ አላየኋትም። ካህናቱ ምን ይሉኛል ብዬ አምጣት አላልኩትም። አሁን ይህን ስትሰማ ትታው ትሄዳለች ወይ? እሷን ካጣ ይሄ ልጅ ይሰበራል። እሱን እዩልኝ።»

«ቀጣዩን ግለጪ» አሉኝ እትዬ ብርነሽ።

መግለጥ እችል ነበር። የፈለግኩትን ማለት እችል ነበር። ሴትዮዋ ስዕሉን ከማዶ አያዩትም፣ እትዬ ብርነሽም አይታያቸውም። «ትተወዋለች» ብል ማን ያርመኛል? «ሌላ ያጋቡት» ብልስ? ይህን ሁሉ አሰብኩ። ማሰቤን አልክድም። ከዚያ ካርታውን ሳልገልጠው መልሼ አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ የፋብሪካዋ ልጅ እኔ ነኝ» አልኩ።

እማማ ገዲሴ... ስማቸውን ከለታ አውቀዋለሁ... ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ቀጭን ነሽ» አሉ።

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር? ስለ ልጅቷ?»

«አሁን ከእርስዎ ሰማሁ።»

«ዋቃ... እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩሽ።» ተነሡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። «ታምኚዋለሽ?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቱ እሱ ነው።

«እኔም አላውቅም» አሉ።

አብረን ወጣን። የወተት ዕቃቸውን እስከ መንገዱ ያዝኩላቸው። ሌላ ነገር አላወራንም።

ታኅሣሥ 15

ልጅ።

ስንት ዓመቷ ይሆን? አልጠየቅኩም። ትንሽ ብትሆን... ትልቅ ብትሆን... ዓመቱን ወደ ኋላ ስቆጥር ዋልኩ። ተቆጣጣሪዋ ሁለቴ ጠራችኝ።

ታኅሣሥ 21

እትዬ ብርነሽን «አውጡልኝና ልጅቷ የሱ ናት ወይ በሉልኝ» አልኳቸው። ካርታውን ሰብስበው ጨርቁ ውስጥ አሰሩት።

«ለዚህ ካርታ አያስፈልግም። አውቶቡስ ነው የሚያስፈልግሽ።»

ጥር 3

የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ወጣልኝ። «የታመመች ዘመድ» አልኩ። ለአባዬ ግን ሌላ አልኩ፤ የፋብሪካ ጓደኛዬ እናት ታመዋል፣ ላደርሳት ነው። ዓይኔን አየኝና «ልብስ ደርቢ፣ ብርድ ነው» አለ ብቻ። ሐሚዳ ሁሉንም ታውቃለች። ለአንድ ጊዜ እንኳ ዝም በይ ብያታለሁ።

ጥር 8፣ ኮምቦልቻ

ደረስኩ። መንገዱን አልጽፈውም። በመስኮት ያየሁትን አልጽፈውም። ከከሚሴ ወዲህ አውቶቡሱ ውስጥ ያወራ ሰው የለም። አሁን ለታ ለምን ወሬ እንደተወ ገባኝ። ፓስቲውንም።

ሻይ ቤቷ መኪኖች የሚቆሙበት ነው። አረጋሽ ትባላለች። ከኔ ትበልጣለች፣ ጠንካራ ሴት ናት፣ ቆንጆም ናት። ቆንጆ ባትሆን ይቀለኝ ነበር።

ማን እንደሆንኩ ስነግራት አልደነገጠችም። «ግቢ እንጂ፣ ምን ደጅ ያቆምሻል» አለች። ጓዳ አስገባችኝ።

ልጅቷ እዚያ ነበረች። ሰባት ዓመት ይሆናታል፣ ወይም ስምንት፤ ከስታ ነው መሰል አይታወቅም። ፀጉሯ ተላጭቶ ገና እየበቀለ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሐዋ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሰይድ።»

«አባትሽ የት ነው?»

«ባቲ ቀረ። እናቴም ባቲ ቀረች። አሊም ባቲ ቀረ።» አሊ ወንድሟ መሆኑን አረጋሽ በኋላ ነገረችኝ።

«ማን አመጣሽ?»

«ለታ። በማዳበሪያ መሃል። ኬላ ላይ አትሳይ አለኝ፣ አልሳልኩም።»

ማዳበሪያ የምትለው የእህሉን ጆንያ ነው። ያለፈቃድ ከካምፕ ሰው ጭኖ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ሥራው ብቻ አይደለም የሚሄደው። ሻይ ቤት የሚነገር አይደለም ያለኝ ይሄንን ነበር።

ማታ አረጋሽን ጠየቅኳት። እሷም አላድበሰበሰችም።

«እኔና ለታ ነበርን። አንቺን ከማግኘቱ በፊት። ሲያገኝሽ መጥቶ ነገረኝ፣ ተለያየን። አለቀስኩ፣ ወጣልኝ። እውነቴን ነው።»

«ታዲያ ልጅቷን ለምን አንቺ ጋ አመጣት?»

«ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀው በር ይሄዳላ።»

ይህን ስትለኝ ከሁሉም የበለጠ አመመኝ። የለመደው አልጋ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በጨነቀው ቀን የመጣለት በር የሷ ሆነ። የኔስ በር?

ጥር 9

ጥዋት ልጅቷ ቂጣውን ግማሽ በልታ ግማሹን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። አረጋሽ እያየች ዝም አለቻት። «በየቀኑ ነው። ትተወዋለች» አለችኝ።

ስሄድ ሐዋ እስከ አውቶቡሱ ተከተለችኝ። እጄን አልያዘችም። ከጎኔ ብቻ ሄደች።

ጥር 12

ቤት። አባዬ «በሽተኛዋ ተሻላቸው?» አለኝ። «ደህና ናቸው» አልኩ። መዋሸት አልሆነልኝም፣ ፊቴን አዞርኩ።

የካቲት 3

ለታ መጣ። ኮምቦልቻ እንደሄድኩ አረጋሽ ነግራዋለች። ሻይ ቤት አልገባንም፤ በላፍቶ በኩል በእግራችን ሄድን፣ ማሳው መሃል፣ ሰው በሌለበት።

ሁሉንም ነገረኝ። ጭነቱን እያራገፉ ሳለ ጎማው ሥር ተኝታ አገኛት። ተነሺ ሲላት አልተነሣችም፤ አጠገቧ ወንድሟ ሞቶ ነበር። ለካምፑ ሰዎች ወስዶ ሰጣት። ሲመለስ እዚያው ጎማው ሥር ናት። እንደገና ወስዶ ሰጣት። እንደገና መጣች። «በሦስተኛው ጫንኳት» አለ። «ሌሎቹን ትቼ እሷን። ይሄን እስካሁን አልረሳውም፣ ሌሎቹን ትቼ።»

አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

እኔ ግን የያዝኩትን ጠየቅኩ። መጠየቅ ነበረብኝ።

«ለምን ወደ እኔ አልመጣህም?»

«ያንቺ በር የአባትሽ በር ነው፣ ሙፊ። እኔ እዚያ በር ቆሜ አላውቅም። ልጅ ይዤ ልቁም?»

«እናትህስ?»

«እናቴ የኔ ናት ብላ ታስባለች።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። «የአባቷን ስም ጠርታልኛለች።»

ቆሞ አየኝ። «ታዲያ አልተውሽኝም?»

«ተቆጥቻለሁ» አልኩት። «ያ ሌላ ነው።»

የካቲት 24

እማማ ገዲሴ ቤት ሄድኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ልጅቷ ያለችኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው። «ማዳበሪያ መሃል» ስላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ «ቅዝቃዜ ይከብዳታል፣ እዚህ በአልጋው በኩል ይሻላታል» ብለው የቤቱን ማዕዘን በእጃቸው አሳዩኝ። በቃ፣ አለቀ።

ሲሸኙኝ፣ «ትጸልያለሽ?» አሉኝ።

«እሰግዳለሁ።»

«ጥሩ ነው። የአንዳችን ይሰማ ይሆናል።»

መጋቢት 8

እሑድ። ለታ አባዬ ሱቅ ሄደ። ከነሐዋ። ዳባ ነው ከኮምቦልቻ ያመጣት፣ ጋቢናው ውስጥ የወንድሙ ልጅ አስመስሎ።

እኔና ሐሚዳ ከመጋረጃው ኋላ ነበርን።

ለታ ሁሉንም ተናገረ፣ እኔንም፣ ልጅቷንም። ቀጥ ብሎ ቆሞ። አባዬ ሚዛኑን እየወለወለ ሰማው። ሲጨርስ እሱን ትቶ ልጅቷን አየ።

«ስምሽ?»

«ሐዋ።»

«የማን?»

«የሰይድ።»

«ቁርአን ቀርተሻል?»

«አሊፍ፣ ባ... አባቴ አስጀምሮኝ ነበር።»

አባዬ ቴምር አወጣና ሰጣት። ግማሹን ቀሚሷ ውስጥ ከተተች። አየ። እንደገና ሰጣት።

ከዚያ ለታን፣ «ማን ያስቀራታል ቁርአኑን?» አለው።

«ሙፊዳ።»

«ሙፊዳ ራሷ በደንብ አታውቅም። እኔ አስቀራታለሁ። አርብ አርብ ትምጣ።» ሚዛኑን ቦታው መለሰ። «ስለ ልጅቷ ተነጋግረናል፣ ወንድሜ። ስለ ሌላው ግን አልተነጋገርንም። ልጄን ከሃይማኖቷ ውጭ አልሰጥም። ይህን ከኔ አትጠብቅ።»

ለታ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። አባዬ ወደ መስጊድ ሄደ፣ ሳያናግረኝ።

መጋቢት 9

አላናገረኝም።

ሚያዝያ 20

አሁንም። ጠዋት ሻዩን አቀርባለሁ፣ ይጠጣል። አርብ ሐዋ ስትመጣ ግን ድምፁ ይለወጣል፤ ከመጋረጃው ኋላ እሰማለሁ።

ግንቦት 10

የቀበሌ ጥበቃዎች ትናንት እትዬ ብርነሽ ቤት ገብተው ካርታውን ወሰዱ። ጎጂ ልማድ ተብሎ። ላጽናናቸው ሄድኩ፤ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ።

«ስዕሎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ደግሞ ሰዉ ስዕሉን መቼ ያያል።»

«ታዲያ ምን ያያል?»

«ቤቱን ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ መቀመጫ ነው የሰጠሁት።»

ስለ ለታ ምን እንዳሰብኩ ጠየቁኝ። ልንጋባ ነው አልኳቸው። ማዘጋጃ ቤት።

«አባትሽስ?»

«እስካሁን አላናገረኝም» አልኩ።

ግንቦት 21

ካርታው ተመለሰ። ሰብሳቢዋ ራሷ በጋዜጣ ጠቅልላ በጓሮ በር ይዛው መጣች አሉ። ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ሊጠራ ነው፤ ስለሱ ልትጠይቅ። እትዬ ብርነሽ ካርታውን አላወጡላትም፤ ጋዜጣውን እንኳ አልፈቱትም። አብረው ተቀምጠው ስለ ልጇ ሲያወሩ ዋሉ።

ሰኔ 9

ማዘጋጃ ቤት ፈረምን። ዳባ ምስክር፣ ሐሚዳ ምስክር። እማማ ገዲሴ በአዲስ ነጠላ። ለታ ክራባት አደረገ፣ አንገቱን ጠልቶ ነው የዋለው።

አባዬ አልመጣም። ጠዋት ሻንጣዬን ስይዝ ሱቁ ውስጥ ነበር። «አባዬ፣ ሄድኩ» አልኩት። «መንገዱ ጭቃ ነው፣ በዳር ሂጂ» አለኝ። ከመጋቢት ወዲህ ያናገረኝ ይህን ነው።

ላፍቶ ከእማማ ገዲሴ ጎን አንድ ክፍል አለን። ጣሪያው ያንጠባጥባል።

ሰኔ 30

ሐዋ ቂጣ መደበቅ አልተወችም። ዛሬ ከትራሷ ሥር አገኘሁት፣ ሻግቷል። ልቆጣ ብዬ ተውኩት። ትኩስ አስቀመጥኩላት፣ እዚያው።

ሐምሌ 12

አርብ። ዝናቡ ከባድ ስለሆነ አባዬ ሐዋን ራሱ አምጥቶ አደረሳት። አልገባም። ደጃፉ ላይ ጃንጥላውን እንደዘረጋ ቆመ። እማማ ገዲሴ ወጥተው ወተት በብርጭቆ ሰጡት። ቆሞ ጠጣው። «አላህ ይስጥልኝ» አላቸው። ብርጭቆውን መልሶ ሄደ።

ሐምሌ 21

ለታ መድረሻው አልፏል። ዳባ ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቆ መጣ፤ ሚሌ ላይ ወንዙ ሞልቶ መኪኖች ቆመዋል፣ የእሱ መኪና ከቆሙት መሃል ትሁን አትሁን ግን የሚያውቅ የለም። መንገዱ ላይ ሌላም ነገር ይባላል፤ ተኩስ። ዳባ ይህን ያለኝ ሐዋ ውጭ ስትወጣ ጠብቆ ነው።

እትዬ ብርነሽን እሑድ እሑድ አያቸዋለሁ፤ ዛሬም ሄጄ ነበር፤ ለዓይናቸው ጠብታ ይዤ። ጋሪው ወጥቶ ይሆን፣ ተገልብጦ ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም። እሳቸውም ላውጣልሽ አላሉኝም። ጠብታውን አድርጌላቸው ተመለስኩ።

ራት ሠራሁ። ሽሮ። ለሐዋ ከፊቷ አቀረብኩ፣ የለታን ደግሞ ከድኜ አስቀመጥኩ።

«ለታ ዛሬ ይመጣል?» አለችኝ።

ለልጅ አዎ ይባላል። እኔም ልል ነበር።

«አላውቅም፣ ሐዋ። ነገ ጠዋት እኔና አንቺ መሥሪያ ቤቱ ሄደን እንጠይቃለን።»

አየችኝ፣ ረጅም። ፊቴ ላይ ውሸት የምትፈልግ መሰለኝ፤ አላገኘችም።

«እሺ» አለች። ከዚያ በላች። ሁሉንም። ምንም ሳታስቀር።

እኔም በላሁ።